የመጋቢት ሚካኤል ተረኛ ነኝ፤ ሳይቀመስ የሚሠራ የእናቶቻችንን ሰላጣ በልኬት ንገሩኝ

ተረኛዋ | ሰኞ መጋቢት 8 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 2፡10

እንደምን አመሻችሁ የጓዳ ሰዎች። የፊታችን ዓርብ መጋቢት 12 የሚካኤል ጽዋ የሚወጣው ከእኛ ቤት ነው። ማኅበርተኛው ከነቤተሰቡ አርባ ይሆናል፤ ጎረቤት ሲጨመር ደግሞ ሃምሳ ሊጠጋ ይችላል። ወጡን እህቶቼ ተከፋፍለውታል፤ ሽሮው፣ ክክ አልጫው፣ ጎመኑ አያሳስበኝም። እኔ ላይ የወደቀው ሰላጣው ነው።

እናቴ ተራዋ ሲደርስ ሁልጊዜ ሦስት ነገር ታቀርብ ነበር፦ ቀይ ስር በድንች፣ አዚፋና ቲማቲም በቃሪያ። ዘንድሮ እህቷን ልታስታምም ገጠር ሄዳለች። ደውዬ «እማዬ፣ ለአንድ ኪሎ ምስር ስንት ሎሚ ነው?» ስላት «እስኪበቃው ነዋ!» አለችኝ። «ጨውስ?» ስላት «እጅሽ ያውቃል» ብላ ስልኩን ለአክስቴ ሰጠችብኝ። የኔ እጅ የሚያውቀው ኪቦርድ መምታት ነው።

ዋናው ጭንቀቴ ግን ሌላ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን፣ ሰላጣው ደግሞ የሚሠራው ከጠዋት ጀምሮ ስለሆነ መቅመስ የለም። ወጥ እንኳ ሽታው ይናገራል፤ ጨው ሲያንሰው የሚታወቃቸው ሴቶች አሉ። የቀዘቀዘ ድንች ምኑ ይሸታል? ስለዚህ «ትንሽ» እና «እንደ ፍላጎትሽ» የምትሉትን ተዉልኝና በማንኪያ፣ በኪሎ፣ በደቂቃ ንገሩኝ። ከሥራ ፈቃድ የወሰድኩት ለዓርብ ብቻ ነው፤ ሐሙስ ማታም እሠራለሁ።


የጉለሌዋ እትዬ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡55

የኔ ልጅ፣ እናትሽ እውነቷን ነው፤ እጅ ያውቃል። ግን እጅ የሚያውቀው ሃያ ዓመት ከተቃጠለ በኋላ ነውና ለዓርብ አይደርስልሽም። በይ ማስታወሻሽን አውጪ።

ቀይ ስሩን አስቀድሚ። ሌላ ወጥ ካለ ለዚያ ሰው ሦስት ኪሎ ቀይ ስርና አራት ኪሎ ድንች ይበቃል፤ ካሮት ከወደድሽ አንድ ኪሎ ጨምሪ። ስትገዢ እኩል እኩሉን፣ የሴት ጡጫ የሚያህለውን ምረጪ። ትልቅና ትንሽ አንድ ድስት ከገባ ትንሹ ሲፈርስ የትልቁ ልብ ጥሬ ይቀራል። ቅጠሉን ስትቆርጪ ሁለት ጣት ያህል አገዳ አስቀሪለት፣ ጭራውንም አትንኪ፣ እንዳትልጪው። ቆዳው ከተነካ ቀለሙ ውሃው ውስጥ ቀርቶ አንቺ የምታቀርቢው ገርጥቶ የታመመ ይመስላል። በደንብ አጥበሽ፣ ውሃው ከላዩ አልፎ እንዲሸፍነው አድርገሽ ቀቅዪው። አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ቢላ ገብቶ ሳይያዝ ከወጣ በስሏል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረሽ በአውራ ጣትሽ ስትገፊው ቆዳው እንደ ካልሲ ይወልቃል።

ድንቹ ለብቻው ይቀቀል፣ እሱም ከነልጣጩ። ፈልቶ በሚንተከተክ ውሃ ላይ እንዳትጥዪው፤ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ይጀምር። አለዚያ ላዩ ሲፈርስ ውስጡ አይበስልም። ሞቅ እንዳለ ላጪና ክተፊ፣ ጨውና አቼቶውን ያኔውኑ አፍስሺበት። ከቀዘቀዘ በኋላ የገባ ጨው ላይ ላዩን ይቀራል፣ ሙቅ ድንች ግን ይጠጣል።

አሁን ጨው። ለአንድ ኪሎ የተቀቀለ ነገር፣ ድንችም ይሁን ቀይ ስር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ጨው። ልሙጥ ማለት በቢላ የተላገ፣ ክምር ያልሆነ። አቼቶ ለኪሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ዘይት ሦስት። ይህን ከያዝሽ ሳትቀምሺም አትሳሳቺም። አዚፋውን ነገ እጽፍልሻለሁ፤ አሁን ዓይኔ ደክሟል።


ቁርጥ ቃሪያ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

እትዬ፣ ሁሉም ደህና፣ ግን ይሄን ሁሉ ከመድከም የጾም ማዮኔዝ አለ እኮ። ድንቹን፣ ካሮቱን፣ ፎሶሊያውን ቀቅሎ ሁለት ጠርሙስ ማፍሰስ ነው፣ ያልቃል። የኛ ቢሮ ግብዣ ላይ ሁሌ እሱ ነው ቀድሞ የሚያልቀው።


የጉለሌዋ እትዬ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡31

ቀድሞ የሚያልቀው ከአጠገቡ ምን ቀርቦ ነው? እሱን ንገረኝ።


የአሌክሳንድሪያዋ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ከቨርጂንያ ሰላም። ማዮኔዝን በተመለከተ ወንድሜ ቁርጥ ቃሪያ ተጠንቀቅ፤ ዋናው ማዮኔዝ የሚሠራው በእንቁላል አስኳል ነው። እንቁላል የሌለበት አለ፣ ግን ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ የግድ ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አንድ ጊዜ ሳይነበብ ተቀላቅሎ፣ ቅዳሴ የወጣ ሰው ሁሉ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ ሁለት ትሪ ሙሉ ድንች ወደ ኋላ ተመለሰ። ማን እንዳመጣው እስከ ዛሬ አልተነገረም፣ እኔ ግን አውቃለሁ፤ ጎኔ ቆማ ነበር፣ ፊቷ ቀይ ስር መስሎ።

አንድ ጥያቄ ለእትዬ። አንድ ሰዓት ተኩል አሉ፣ እኔ ዘንድ ቀይ ስር በሃምሳ ደቂቃ ይበስላል። ምናልባት የኛ ለስላሳ ይሆን?


ነጭ ጋዋን | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40

የቀይ ስሩ ጥፋት አይደለም፣ የከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ስለተቀመጠች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ቨርጂንያ በባሕር ወለል ከፍታ 100 ሲሞላ እኛ ዘንድ ያው ፍል ውሃ ስምንት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ባቄላው፣ ምስሩ፣ ቀይ ስሩ ሁሉ እዚህ ጊዜ ይፈልጋል። ከውጭ የመጣ የምግብ አሠራር እዚህ «አልበስል አለኝ» የሚባለው አንዱ በዚህ ነው።

ሌላ ሳልረሳ። ለተረኛዋ፦ ቅጠል ሰላጣ ለማቅረብ አስበሽ ከሆነ ለእንዲህ ያለ ሕዝብ ባትሞክሪው ይሻላል። ብዙ ሰው አቼቶ ሳፋ ውስጥ ጠብ አድርጎ ቅጠሉን ይነክርና አሜባው የሞተ ይመስለዋል። አትተማመኑበት። ቤት ውስጥ ለአራት ሰው ቅጠል በቅጠል ከቧንቧ ሥር ይታጠባል፤ ለሃምሳ ሰው በውሃ ወረፋ ሰፈር ማን ያጥባል? የተቀቀለው ይሻልሻል።


የድሮ ተማሪ | ማክሰኞ መጋቢት 9፣ ከጠዋቱ 1፡15

ይህን ክር ሳነብ አንድ የተማሪ ቤት ኩሽና ትዝ አለኝ። በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ለትምህርት ከተላኩት አንዱ ነኝ። የመጀመሪያው ክረምት ላይ አገር ናፍቆኝ አንጀቴ ሲላወስ፣ የፎቁ ጠባቂ አሮጊት ሳህን ይዘው መጡ። በሳህኑ ላይ ያየሁት ቀይ ስር በድንች ነው! «ከእናቴ ቤት ማን አመጣው?» አልኩ በሆዴ።

ስሙ ቪኔግሬት ይባላል። ቀይ ስር፣ ድንች፣ ካሮት፣ በጨው የተቀመጠ ኪያር፣ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን፤ ማሰሪያው የሱፍ ዘይት ነው። እንቁላል የለው፣ ወተት የለው። እነሱም ኦርቶዶክስ ናቸውና ለዐቢይ ጾም የሚሆን ምግብ ነው፤ አሮጊቷ ይህን የነገሩኝ በሩን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

ያን ጊዜ የተማርኩትን ለተረኛዋ ልስጥ። ቀይ ስሩን ከትፈሽ ለብቻው ሳህን አድርጊና መጀመሪያ በዘይት ለውሺው። ዘይቱ ዙሪያውን ሲይዘው ቀለሙ ወደ ድንቹ አይሮጥም። ድንቹ ነጭ፣ ካሮቱ ቢጫ፣ ቀይ ስሩ ቀይ እንደሆነ ይቀርባል። ሳይለወስ ከተቀላቀለ በግማሽ ሰዓት ሁሉም አንድ ዓይነት ሐምራዊ ይሆናል። አንዳንድ ሰው እሱን ይወዳል፤ የኔ ባለቤት አንዷ ናት፣ «ያልተቀላቀለ ምኑን ሰላጣ ሆነ?» ትለኛለች። በዚህ ሠላሳ ዓመት ተከራክረናል።

የማዮኔዙ ደግሞ ሌላ ነው፣ ኦሊቪዬ ይሉታል። በአውሮፓውያኑ 1860ዎቹ ሞስኮ ውስጥ ኤርሚታዥ በሚባል ምግብ ቤት የሚሠራ ሉስየን ኦሊቪዬ የተባለ ሰው ያወጣው ነው። እሱን ለአዲስ ዓመት ይበሉታል፤ ለጾም አይሆንም። ስለዚህ ቁርጥ ቃሪያ ልጄ፣ እነሱም ቢሆኑ የጾሙንና የፍስኩን ለይተዋል።


ቁርጥ ቃሪያ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡50

እሺ ጋሼ፣ ተሸነፍኩ። ማዮኔዙን ለፋሲካ አስቀመጥኩት።


የጉለሌዋ እትዬ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡30

የዘይቱን ነገር ጋሼ ቀደሙኝ። እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው፤ ግን ከአማቴ ነው ያየሁት፣ እሳቸውም ሞስኮን አያውቋት።

አዚፋ። ልጄ፣ ድፍን ምስር ነው የምትገዢው፣ ክኩን አይደለም። ለዚያ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል። ሐሙስ ማታ ልቀሚው፤ ጠጠር የሰበረው ጥርስ ማኅበር ያስቀራል። ሁለት ሦስት ውሃ እጠቢና ቀቅዪ። በጣትሽ ስትጫኚው ሲፈርስ፣ ግን ሳይጫኑት ቅርጹን ሲይዝ አውርጂ። ውሃውን በወንፊት አጥልዪ፣ ጠብ እስኪቆም ድረስ። እዚህ ላይ ሰነፍ የሆነ ሁሉ ሾርባ ያቀርባል። ከዚያ በጭልፋ ጀርባ ግማሹን ብቻ ደፍጥጪ፤ ሁሉን ከደፈጠጥሽ ሊጥ ይሆናል፣ ካልደፈጠጥሽ ዘይቱንና ሎሚውን አይዝም።

እንግዲህ ሰናፍጩ። የአዚፋ ነፍስ እሱ ነው። የተለቀመ ሰናፍጭ በሙቀጫ ውቀሽ አምስት የሾርባ ማንኪያ ያዢ። በቀዝቃዛ ውሃ፣ ደግሜ ልንገርሽ በቀዝቃዛ፣ ሊጥ እስኪመስል አሺና ክዳን ክደኚበት። አሥራ አምስት ደቂቃ። ክዳኑን ስታነሺ ዓይንሽ ካነባ ደርሷል። ያኔ ሎሚና ጨው ጨምረሽ አቅጥኚው። ሎሚውን ቀድመሽ ከጨመርሽ ሰናፍጩ ኃይሉን ሳያወጣ ይቀራል፤ በሙቅ ውሃ ካሸሽው ጭራሽ ይሞትና መራራ ብቻ ይሆናል።

ሎሚ፣ የኛን ትንሿን ሎሚ፣ ለዚህ ሁሉ ምስር አሥራ ሁለት። ጨው እንደ ድንቹ፣ ለኪሎ ሁለት የሻይ ማንኪያ፤ ደረቁ ምስር ሲበስል ከእጥፍ በላይ ስለሚሆን የምትለኪው የበሰለውን ነው። ቃሪያ አሥር፣ ፍሬው ወጥቶ በቀጭኑ ተከትፎ። ዘይቱ የኑግ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ንጹሑን ካገኘሽ። ሽታው የእናቶቻችንን ጓዳ ነው የሚያስታውሰው። ካጣሽ የሱፍ ይሁን።


ሎሚ ተራ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡12

እትዬ ያልነገሩትን እኔ በራሴ ላይ የደረሰውን ልጨምር። ባለፈው ዓመት «ሎሚው ውስጡ ይግባ» ብዬ ከምስሩ ጋር አብሬ ቀቀልኩት። ሦስት ሰዓት ፈጅቶ አልበሰለም! ጎረቤቴ መጥታ «ምስሩ ያረጀ ነው» አለች፤ እኔም ባለሱቁን ስረግም ዋልኩ። ለካ ኮምጣጣ ነገር የጥራጥሬን ቆዳ ያጠነክረዋል። ሎሚ፣ አቼቶ፣ ቲማቲም፣ ሁሉም ከበሰለ በኋላ ነው። ባለሱቁን ይቅርታ አልጠየቅኩትም፣ ምን ብዬ እጀምራለሁ።


ተረኛዋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

እትዬ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም ደብተር ላይ ገልብጬ ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩ። አዚፋውን ሐሙስ ማታ ጨርሼ ባሳድረው ይበላሻል ወይስ ይሻላል? እና ሽንኩርት! አምና አንድ ቤት የበላነው ሽንኩርቱ እስከ ማግስቱ ከአፌ አልጠፋም።


የጎንደር ልጅ ከአሽቀሎን | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡25

ሻሎም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ። የእናንተ ጥያቄ የኛ የየሳምንቱ ኑሮ ነው። በሰንበት እሳት አይነካም። አያቴ ጎንደር ሳሉ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምግቡ ሁሉ ተጠናቅቆ ያድራል፤ ቅዳሜ የሚበላው ቀዝቃዛውን ነው። ስለዚህ በቤታችን ቀዝቃዛ ምግብ የማን እንደሚያድር፣ የማን እንደማያድር ይታወቃል።

ምስር ያድራል። እንዲያውም ሎሚና ዘይቱ ሌሊቱን ሲገባው ይሻላል። ቀይ ስር ያድራል። ድንች ያድራል ግን ፍሪጅ ውስጥ ደረቅ ይላልና ጠዋት አንድ ሁለት ማንኪያ ዘይት ይጨመርለት። ሽንኩርትና ቃሪያ አያድሩም! ያደረ ሽንኩርት ይመርራል፣ ይሸታል። ቲማቲም ጭራሽ። ሰናፍጩም ሲያድር ኃይሉ ይቀንሳል፤ ምስሩን ሐሙስ ሠርተሽ፣ ሰናፍጩንና ሽንኩርቱን ዓርብ ጨምሪ።

እዚህ እስራኤል ልጆቼ የለመዱት ቲማቲምና ኪያር እንደ ሽምብራ ፍሬ ደቅቆ ተከትፎ በሎሚና በዘይት ነው። ለአያቴ አንድ ቀን ሰጠኋቸው፤ «ይሄ ጥርስ ለሌለው ነው?» አሉኝ። ከዚያ ግን በየቀኑ ይጠይቁኝ ነበር።


የአሌክሳንድሪያዋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ሽንኩርት፦ በቀጭኑ ክተፊ፣ አንድ እፍኝ ጨው በትኚበት፣ ልብስ እንደምታጥቢ እሺው። ውሃ ያወጣል፣ አረፋም ይሠራል። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ሁለት ጊዜ አለቅልቀሽ በንጹሕ ጨርቅ ጨምቂ። መንከሱ ይሄዳል፣ ጣፋጩ ይቀራል። ለአንድ መቶ ሰው የምንሠራው እንደዚህ ነው፤ የጓንት ሳጥን አጠገባችን ሆኖ፣ የሚያስለቅሰው ወሬም ሳይቀር። ብዙ ጨው ነውና ከታጠበ በኋላ በልኬቱ ውስጥ አትቁጠሪው።


ከቤሩት ተመላሿ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡45

ቲማቲሙን እኔ ልውሰድ። ቤሩት ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ብዙ የማልናገረው አለ፣ ግን ሰላጣ ተምሬያለሁ። ማዳሟ ፈቱሽ ስታሠራኝ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ የደረቀ ቂጣ ቆራርሶ ቲማቲምና ኪያር ላይ መበተን! የኛ ቲማቲም ፍትፍት አይደል እንዴ? ልዩነቱ እነሱ ቂጣው እንዲንኮሻኮሽ ይፈልጋሉ፣ በመጨረሻ ነው የሚበትኑት፤ እኛ እንጀራው ጭማቂውን ጠጥቶ እንዲርስ እንፈልጋለን።

ከእነሱ የያዝኩት አንድ ነገር፦ ቲማቲም ጨው የሚነካው ሰው እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ነው። ጨው ውሃውን ይስበዋል። በጠዋት ጨው ካደረግሽበት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምታገኚው የቲማቲም መረቅ ነው። ስለዚህ ቲማቲሙን ከትፈሽ ማጥለያ ላይ አስቀምጪ፣ ሎሚ፣ ዘይት፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬውን በአንድ ጠርሙስ አዘጋጂ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ጠርሙሱን ነቅንቀሽ አፍስሺ። አራት ኪሎ ቲማቲም፣ ስድስት ሎሚ፣ አንድ የሻይ ስኒ ዘይት። ጨዉ አራት የሻይ ማንኪያ፣ ከድንቹ ያነሰ፤ ቲማቲም በራሱ ጣዕም አለው።

እና የተረፈሽን ቲማቲም ከነጭማቂው እንዳትደፊው። ማታ እንጀራ ቆራርሰሽ ፈትፍተሽ ከእህቶችሽ ጋር ቁጭ ብለሽ ብዪ። የደገሰ ሰው የሚበላው እሱን ነው።


ቁርጥ ቃሪያ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡58

በስሜ ምክንያት ዝም ማለት አልችልም። ስንግ የሌለበት ማኅበር ማኅበር ነው? ቃሪያውን በጎኑ ሰንጥቆ፣ ፍሬውን አውጥቶ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በጨውና በሎሚ አድርጎ መሰግሰግ። ለአንድ ሰው አንድ። አጎቴ ሁለት።


ነጭ ጋዋን | ረቡዕ መጋቢት 10፣ ከጠዋቱ 2፡30

አንድ ነገር ልጨምር፣ እንደ ነዝናዛ ካላያችሁኝ። ሰዉ የሚበላው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ምግቡ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ ተሸፍኖ ከቆየ አምስት ሰዓት ሆነው። የተቀቀለ ድንችና ምስር ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ ባይቆዩ ይመከራል፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ከአንድ ሰዓት። ብዙ ሰው የሚፈራው ማዮኔዙን ነው፤ ድንቹ ራሱ ግን ለተሕዋስያን ጥሩ ማደሪያ ነው። ፍሪጅሽ ትንሽ ከሆነ ጎረቤት ለምኚ። በትልቅ ሰታቴ ሙሉ ትኩስ ድንች ፍሪጅ አትክተቺ፤ መሐሉ እስከ ሌሊት አይቀዘቅዝም። ትሪ ላይ ዘርግተሽ አቀዝቅዢ።

ሌላው፣ ቀይ ስር የበላ ሰው በማግስቱ ሽንት ቤት ሄዶ ቀይ ነገር ሲያይ ይደነግጣል። አንዳንድ ሰው ላይ ቀለሙ እንዲያ ይወጣል፤ ደም አይደለም። በየዓመቱ ከማኅበር በኋላ ሐኪም ቤት አንድ ሰው ይመጣብናል፣ ፊቱ አመድ መስሎ።


የድሮ ተማሪ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡10

እኔም ሄጃለሁ። በወጣትነቴ። ሐኪሟ ለረጅም ጊዜ ሳቀች።


የጉለሌዋ እትዬ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡05

ልጄ፣ አንድ የረሳሁት። እናቶቻችን በጾም እንዴት ነበር የሚያጣፍጡት ብለሽ ታውቂያለሽ? በልጅ። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጾምም፤ እሱን ጠርቶ ማስቀመስ ነው። እኔ አምስት ዓመቴ ሆኖ የሰፈሩ ሁሉ ቀማሽ ነበርኩ። «ጎደለው» ስል ይጨምራሉ፣ «በቃው» ስል ያወርዳሉ። ከሦስት ቤት ቀምሼ ስመለስ ምሳ አልበላም እል ነበር። ግን ልጅ ሲቀምስ ፊቱን እይ እንጂ አፉን አትስሚ፤ ልጅ ለማስደሰት «ጥሩ ነው» ይላል፣ ፊቱ ግን አይዋሽም። እና ሰናፍጩ ሳይገባ አስቀምሺ። አደራ።


ተረኛዋ | ቅዳሜ መጋቢት 13፣ ከጠዋቱ 4፡00

ተረፍኩ። ሁሉም ነገር አለቀ፣ አርባ ሰባት ሰው በላ። እጆቼ አሁንም ሐምራዊ ናቸው።

እንደደረሰው ልንገራችሁ። ቀይ ስሩ ላይ ጋሼ ያሉትን አደረግኩ፤ ሦስቱም ቀለም ለየብቻው ቆሞ ቀረበ፣ ፎቶ ያላነሳው ሰው የለም። ድንቹ ላይ ተሳሳትኩ። ልሙጥ ማንኪያ የተባለውን አንብቤ የመጀመሪያውን ኪሎ ክምር አድርጌ ለካሁ፤ ካስታወስኩት በኋላ ያልጨመርኩበትን ሌላ ኪሎ ቀላቅዬ አዳንኩት። ቲማቲሙን በጠርሙስ አዘጋጅቼ ልክ ጸሎቱ ሲያልቅ አፈሰስኩ። ከሁሉ ቀድሞ ያለቀው እሱ ነው፤ ቤሩት እህቴ፣ ማታ ለፍትፍት የተረፈው አንድ ማንኪያ ነበር፣ ለሦስት እህትማማች።

አዚፋው። የወንድሜን ልጅ ጠራሁ፣ አምስት ዓመቱ ነው። ሰናፍጩ ሳይገባ አስቀመስኩት። ፊቱን አየሁ፤ ቅንድቡን ከፍ አደረገ፣ «ትንሽ ጨው» አለ። ጨመርኩ። «በቃው» አለ፣ እንደ ትልቅ ሰው እጁን እያወዛወዘ። እሰየው ብዬ ሰናፍጩን ለወስኩ፣ ዞር አልኩ። ስመለስ በጀርባዬ ሙሉ ማንኪያ ጎርሶ አገኘሁት። አላለቀሰም። አፍንጫውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ «ምስሩ ተናደደ» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ለገባው እንግዳ ሁሉ «እሱን እንዳትበሉት፣ ተናድዷል» እያለ ሲያስጠነቅቅ ዋለ። ሙሴያችን፣ የማኅበሩ መሪ፣ ሁለት ጊዜ ጨመሩ፣ ዓይናቸው እያነባ።

እናቴ ደውላ ነበር። የጠየቀችኝ ስለ ሰላጣው አይደለም፣ ትልቁን ሰታቴ ማን እንደወሰደው ነው።

አሁን አንድ ችግር ቀርቶኛል። ሙሴያችን ሲነሱ የነጠላቸው ጫፍ ቀይ ስር ሳህን ውስጥ ገባ። አዲስ ነጠላ ነው፤ ለፋሲካ ይፈልጉታል። እቤቴ አስቀርቼዋለሁ፣ ምን ላድርግ?


የጉለሌዋ እትዬ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ሙቅ ውሃ እንዳታስነኪው! በቀዝቃዛ ውሃ ከጀርባው በኩል እያፈሰስሽ ግፊው። ሳሙና ገና ነው። ቀለሙ ሲሳሳ ሎሚና ጨው አድርገሽ ቀስ ብለሽ እሺና እርጥቡን ፀሐይ ላይ ዘርጊው፣ እየደረቀ ሲሄድ ውሃ እርጪበት። እስከ ማታ ይለቃል። ካለቀቀ ነገ ድገሚው። ሎሚው ጥለቱን እንዳይነካ ብቻ።